ውሸቱ ከየት ይጀምራል

ስልኩ ሲጮህ መጋረጃ ሰፊዋ የሰው ሳሎን ውስጥ መሰላል ላይ ቆማ፣ ሁለት ብሎን በጥርሷ ነክሳ፣ የመጋረጃ ዘንግ እያሰረች ነበር። ብሎኖቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸውና ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ሸጎጠችው።

«እንኳን ደስ አለሽ! አንደኛ ወጥተሻል» አለ የማታውቀው የወንድ ድምፅ።

«የት ነው የወጣሁት? ገና መሰላል ላይ ነኝ እኮ።»

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። የሥነ ጽሑፍ መጽሔቱ አዘጋጅ ነበር። ከወራት በፊት ለአጭር ልብ ወለድ ውድድር የላከችው ጽሑፍ አሸንፏል። ሁለተኛ የወጣው የጥርስ ሐኪም መሆኑን፣ ሦስተኛዋ ገና ተማሪ መሆኗን፣ የሦስቱም ጽሑፍ በሚቀጥለው እትም እንደሚወጣና ከዚያ ወዲያ የሽልማት ዝግጅት እንዳለ ዘረዘረላት። እሷ ግን ከ«አንደኛ» በኋላ ያለውን አልሰማችም። ከመሰላሉ ወርዳ የደንበኛዋ ሶፋ ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለች የቤቱ እመቤት ደንግጣ።

«የለም፣ ደስታ ነው» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እቤት ያሉት ሁለት ናቸው፤ እሷና እናቷ። ድሮ ሦስት ነበሩ። ታናሽ ወንድሟ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቀጮ» የሚለው፣ የተበላሸ ሬዲዮ ካየ እጁ የማያርፍለት ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሻዩን ሳይጨርስ ሰማያዊ ጃኬቱን ደረበና «የሥራ ወሬ ሰምቻለሁ፣ አይቼ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ያ «መጣሁ» እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፖሊስ ጣቢያ ተመላለሱ፣ በየሆስፒታሉ ዞሩ፣ ፎቶውን በየምሰሶው ለጠፉ። ዝናብ አጠበው፤ እንደገና ለጠፉ። ወሬ የለም። ሞተ እንዳይሉ አልቀበሩት፣ አለ እንዳይሉ አላዩት። እንዲሁ ዓመታት አለፉ።

እናትየዋ ጉልበቷን በሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ጨርሳ ጡረታ የወጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ በነገር ግን ማንም የማይረታት ሴት ናት። መጀመሪያ ሰሞን በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትል ነበር። እየቆየ መነሳቱን ተወችው። ስሙን አታነሳም፤ አልጋው ላይም ማንም አይተኛም። ቁስሉ አልዳነም፣ ግን ቅርፊት ይዞ ነበር።

ልጅቷ ለራሷ ሌላ መላ ፈለገች። ከሥራ መልስ እየተቀመጠች ጻፈችው። የታሪኩ የመጀመሪያ ግማሽ እንደሆነው ነው፦ ሻዩ፣ ጃኬቱ፣ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ምሰሶው ላይ የታጠበው ፎቶ። ሁለተኛውን ግማሽ ግን እሷ ናት የሰጠችው። ወንድሟን የወደብ ከተማ ወሰደችው። ፍሪጅ የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ ከፈተችለት፤ ደግ ሚስት አጋባችው፤ በእናቱ ስም የምትጠራ ልጅ ሰጠችው። በየምሽቱ ወደ ቤት ሊደውል ስልኩን ያነሳና፣ ይህን ያህል ዘመን ጠፍቶ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግራ ስለሚገባው መልሶ ያስቀምጠዋል። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል። ጽፋ የጨረሰች ዕለት፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ እስኪነጋ ድረስ ተኛች።

መጽሔቱ ሲወጣ እናትየዋ ያልነገረችው ጎረቤት አልነበረም። «ልጄ አንደኛ ወጣች!» ትላለች። «በምን?» ሲሏት «በምኑ እኔ እንጃ፣ ብቻ አንደኛ ናት።»

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? እስቲ አንብቢልኝ» አለቻት ልጇን።

«አነብልሻለሁ እማዬ፣ ዛሬ ደክሞኛል።»

ነገም ደከማት፤ ከነገ ወዲያም ራሷን አመማት። መጽሔቱን ቁም ሣጥን ላይ፣ ከተጣጠፉ ጨርቆች ሥር አኖረችው። አስባ፣ ቃላት መርጣ፣ እናቷን አስቀምጣ ልትነግራት ነበር ሐሳቧ። ግን ለዚህ ዓይነት ወሬ የሚመች ቀን ከየት ይመጣል?

እናትየዋ ትዕግሥቷ አለቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ መጽሔቱን አወረደችና ግድግዳ የሚጋራቸው ጡረተኛ ፖስተኛ ዘንድ ይዛው ሄደች። ሰፈሩ «ጋሼ ፖስታ» ይለዋል። ጋሼ ፖስታ ማንበብ ይወዳል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን እንኳ እንደ ዜና አንባቢ ነው ጮክ ብሎ የሚያነበው። መነጽሩን ጠርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ሻዩ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት። ጃኬቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። «እትዬ፣ ብተወው ሳይሻል አይቀርም» አላት።

«አንብብ» አለችው።

አነበበ። እስከ መጨረሻው አነበበላት።

መጋረጃ ሰፊዋ ከሥራ ስትመለስ ግቢው ውስጥ የተሰጣ አንሶላ አየች። የቀጮ አንሶላ ነው። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ መጽሔቱ ጭኗ ላይ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች እናትየዋ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም።

«ምኑን?»

«ያለበትን።»

ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቀረች። «እማዬ፣ እሱ ድርሰት ነው። ፈጥሬ ነው የጻፍኩት።»

«ሻዩን ፈጥረሽ ነው?»

«እሱ እውነት ነው።»

«ጃኬቱንስ?»

«እሱም እውነት ነው፤ ግን ስሚኝ...»

«ጠባሳውንስ? ከአጥር የወደቀ ቀን፣ እኔ ራሴ ደሙን የጠረግኩለትን?»

«እውነት ነው እማዬ።»

እናትየዋ መጽሔቱን ዘረጋችላት፤ ገልብጣው ነበር የያዘችው። «እንግዲያው አሳዪኝ። ውሸቱ ከየት ይጀምራል?»

ልጅቷ አቃንታ ገጹን ገለጠችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ከዚህ።»

እናትየዋ ጎንበስ አለች። ከጣቱ በላይ ያለውን አየች፤ ከጣቱ በታች ያለውን አየች። «ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?»

«ለዓይን ልዩነት የለውም።»

«እስከዚህ ድረስ እውነት ሲናገር የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ለምን ይዋሻል? ተረት የማላውቅ መሰለሽ? ተረት ሲጀምር ተረት መሆኑን ይናገራል። ይሄ የጀመረው ከእኔ ጓዳ ነው።»

ልጅቷ ተንበረከከች፤ እጇን ያዘቻት። ምንም እንደማታውቅ፣ ናፍቆት እንዳስጻፋት፣ አንድም ቀን ድምፁን ሰምታ እንደማታውቅ ማለች፣ ተገዘተች። እናቷ ፀጉሯን እየዳበሰች አዳመጠቻት።

«ገብቶኛል» አለቻት በመጨረሻ። «እንዳትነግሪያት ብሎሻል። አፍሮ ነው። እንደማልቆጣው ንገሪልኝ፤ አንድም ቃል አልናገረውም።»

በማግስቱ ልጅቷ እናቷን እንዲያስረዳላት ጋሼ ፖስታን ለመነችው። ጋሼ ፖስታ ራሱ ያ ንባብ ከነበረ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ መጥቶ እናትየዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ልብ ወለድ ነው። እኔም ሳነበው ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ደብዳቤ ስታድል ኖርክ» አለችው። «ከፖስታው ውስጥ ያለው እውነት ይሁን ውሸት አንድ ቀን አውቀህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በምን ልወቅ!»

«እንግዲያው አድርሰሃል፣ ተመስገን። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ጋሼ ፖስታ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ወጣ።

መጋረጃ ሰፊዋ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እስከ መስኮቱ ድረስ የተቆለለ ያልተሸጠ መጽሔት ያለበት ክፍል ነው። አዘጋጁ ደግ ሰው ነው፤ ወንበሩን ለቀቀላት። ነገሩን ስትነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ችግሩ እንባው ውስጥ አድናቆት ነበረበት።

«አየሽ፣ የጽሑፍሽ ጉልበት ይሄ ነው!» አላት።

«ጉልበቱን አልፈለግኩትም። እናቴን አስረዱልኝ።»

«ዝግጅቱ ላይ ይዘሻት ነይ። እኔ ራሴ አነጋግራታለሁ።»

ይዛት ባትሄድም አትቀርም ነበር። «ሰው ሁሉ ስለ ልጄ ሲሰማ እኔ ቤት ልውል?» ብላ እናትየዋ ጫማዋን አስጠርጋ ጠበቀቻት።

አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ማይክራፎኑ በየመሀሉ ይጮኻል። ሦስተኛ የወጣችው ተማሪ እየተንቀጠቀጠች አነበበች። የጥርስ ሐኪሙ ጽሑፍ ሕመም ስለሚፈራ ወታደር ነበር፤ አሳቀ። ከዚያ ከዳኞቹ አንዷ፣ ሽበታም ሴት፣ ተነስታ ስለ አንደኛው ጽሑፍ ተናገረች። «በሙሉ ድምፅ ነው የመረጥነው» አለች። «ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚፈጠር ታሪክ አይደለም። የወደቡ ሱቅ፣ የልጅቷ ሣቅ፣ የስልኩ ነገር... ማንበብ ስንጀምር ድርሰት መሆኑን ረሳነው። ይህ ሰው አንድ ቦታ አለ አልን።»

እናትየዋ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ብቻ አየቻት።

ስሟ ሲጠራ መጋረጃ ሰፊዋ ወደ መድረኩ ወጣች። ልታነብ የያዘችውን ገጽ አጣጥፋ ያዘችው። እዚህ፣ በሰው ሁሉ ፊት ከተናገርኩ ታምነኛለች ብላ ነበር።

«አላነብም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ወንድሜ የወደብ ከተማ የለም። የት እንዳለ አላውቅም፤ ይኑር ይሙት አላውቅም። ሚስቱን እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ልጁንም እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ሁሉም ውሸት ነው። እማዬ፣ ውሸት ነው።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሁሉም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉ ሴቶች መሐረብ አወጡ። እሷ እጇን እያወዛወዘች «አይደለም፣ አይደለም» ብትል ማንም አልሰማትም። ጭብጨባው በረታ እንጂ አልቀነሰም።

ከዝግጅቱ በኋላ አዘጋጁ ቃሉን አክብሮ ወደ እናትየዋ መጣ፤ ዝቅ ብሎ ሰላም አላት።

«እማማ፣ ይሄ ልብ ወለድ ነው» አላት በለሰለሰ ድምፅ።

«የእኔ ልጅ ልብ ወለድ አይደለም፣ ልጄ» አለችው። «በሆዴ ነው የወለድኩት።»

አዘጋጁ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ማለቴ... ደራሲ ከውስጡ የሚያወጣው የራሱ እውነት አለ፤ ያ ማለት ግን...»

«ይኸው!» አለች ወደ ልጇ ዞራ። «እሱም አለ ብሏል። በል አንተ የተማርክ ሰው፣ ወደብ የሚሄደው አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሳው?»

ጽሑፉ የከተማዋን ስም አይጠራም። ከከተማቸው አውቶቡስ የሚሄድበት ወደብ ግን አንድ ብቻ ስለሆነ የትኛው መሆኑን መጠየቅ አላስፈለጋትም። መጋረጃ ሰፊዋ አልሄድም ብትል እናቷ ብቻዋን ልትሄድ ሻንጣዋን ዘግታ ነበር፤ ብቻዋን ከምትጠፋብኝ አብሬያት ልንከራተት ብላ የደንበኞቿን ሥራ አስተላልፋ ተከተለቻት።

የፍሪጅ ጠጋኞቹ መንገድ ከመርከቦቹ ማራገፊያ ጀርባ ነው። የተገነጠለ የፍሪጅ በር በየግድግዳው ተደግፏል፤ ጨው የበላው ቆርቆሮ፣ የተጠቀለለ የመዳብ ቱቦ፣ የተቃጠለ ሞተር። እናትየዋ አንዱንም ሱቅ አላለፈችም። በእያንዳንዱ በር ላይ ትቆምና «ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ» ትላለች፤ ከዚያ ቅጥነቱንና ሰማያዊ ጃኬቱን ተናግራ፣ እጇን ወደ ቅንድቧ አንስታ የጠባሳውን ቦታ ታሳያለች። ሰዎቹ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ያዳምጧታል። የለም ይሏታል። እግዜር ይርዳሽ ይሏታል። ልጅቷ ከኋላዋ ቆማ፣ ራሷ በወረቀት ላይ የሠራችውን መንገድ ሽታና ዝገት ኖሮት ታየው ነበር። ሳታውቀው የእያንዳንዱን ጎንበስ ያለ ወጣት ማጅራት እያየች መሆኗን ስትደርስበት በራሷ ደነገጠች።

ከመንገዱ ጫፍ አንድ ወፍራም ጠጋኝ እናትየዋን በርጩማ አስቀመጣት፤ ውሃ ሰጣት። የልጇን ጠባሳ ቦታ ስታሳየው ጥቂት አሰበ።

«ቀጭን ልጅ? ሰማያዊ ጃኬት?»

«አዎ! አዎ ልጄ!»

«አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ነበረ መሰለኝ። ጎበዝ ሠራተኛ። አምና ነው የሄደው።»

እናትየዋ የሰውዬውን በግራሶ የጨቀየ እጅ ይዛ ሳመችው። መጋረጃ ሰፊዋ እናቷን ወደ ማረፊያቸው ሸኝታ እየሮጠች ተመለሰች።

«ወንድሜ፣ በእናትህ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «በእርግጥ አይተኸዋል?»

ጠጋኙ ዓይኑን ወደ ሞተሩ መለሰ። «ምን ልበላት ታዲያ? እግሯን አላየሽውም? ልጄ ካለ ልረፍ የምትል ሴት ናት።»

«አላየኸውም ማለት ነው።»

«እህቴ፣ እዚህ ስንት ቀጭን ልጅ ይመጣል፣ ስንት ቀጭን ልጅ ይሄዳል። አይቼውም ይሆናል። እኔ እንጃ።» መፍቻውን አነሳ። «አላየሁትም ብዬ ግን አልምልልሽም።»

እዚያው በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ለእናቷ ሄዳ «ሰውዬው ዋሽቶሻል» ብትላት አታምናትም። «አይቶታል» ብትላት ደግሞ እሷ ራሷ ልታምን ምንም አልቀራት። የትኛው የከፋ እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

በመልሱ መንገድ እናትየዋ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃለች፤ እግሯ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ፣ «ታዲያ አሁን የት ሄዶ ይሆን?» አለች።

መጋረጃ ሰፊዋ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ ሳምንታት ሙሉ ስትደጋግመው የኖረችው። አላውቅም። የለም። ፈጥሬ ነው። ልትለው አፏን ከፈተች፤ ያበጠውን የእናቷን እግር አየች።

«ሥራ ቀይሮ ይሆናል» አለች።

«እንዲያ ነው» አለች እናቷ። ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ልጅቷ ቀስቅሳ ልትመልሰው ፈለገች። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቷ ደግሞ እንዲህ ተዝናንታ ስትተኛ ካየቻት ብዙ ዘመን ሆኗል። ትከሻዋ እስኪደነዝዝ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ። እናትየዋ ጠግባ መብላት ጀመረች። የደም ግፊቷን የሚለካው ሐኪም «ምን አገኘሽ? ወርዶልሻል» አላት። ማታ ማታ ልጅቷ የሰው መጋረጃ ጠርዝ ስትመታ፣ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትጠይቃታለች፤ ሚስቱ ትስማማዋለች ወይ፣ ትንሿ ልጁ ማንን ትመስላለች። መጀመሪያ ላይ ዝም ትላት ነበር። ዝም ስትላት እናቷ መብላት ታቆማለች። ስለዚህ ትመልስላታለች፤ አጭር አጭር፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

ጋሼ ፖስታም፣ እውነቱን አሳምሮ የሚያውቀው ሰው፣ በር ላይ ሲያገኛቸው ዓይኑን መሬት ጥሎ «ልጁ ደህና ነው?» ይላል። እናትየዋ አትመልስለትም፤ ወደ ልጇ ዞራ ትጠብቃለች።

«ደህና ነው» ትላለች መጋረጃ ሰፊዋ።

አዘጋጁ ደውሎ አዲስ ጽሑፍ እንድትሰጠው ጠየቃት፤ አንባቢ የልጁን መጨረሻ ማወቅ ይፈልጋል አላት። መጻፍ ትቻለሁ አለችው። ምነው ሲላት ይቅርታ ብላ ዘጋችው።

አንድ ምሽት እናቷ ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ መሀል ቢጫ፣ ትንንሽ አበባ ያለበት ቁራጭ መርጣ አመጣች።

«ለልጅቷ ቀሚስ ይሆናል» አለች። «ስፊላት።»

«ማን ሊወስድላት እማዬ?»

«ሲመጡ ትለብሰዋለች።»

መጋረጃ ሰፊዋ ጨርቁን ተቀበለቻት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ በመዳፏ አስተካከለችው፣ መቀሱን አነሳች።

«እስከ የት ትደርስ ይሆን?» አለች እናቷ።

መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ከወለሉ ከፍ አድርጋ በአየር ላይ ቁመት አሳየቻት። እናትየዋ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ እጁንና ከእጁ በታች ያለውን ባዶ ቦታ ትክ ብላ አየችው።

«ይሄኔማ አድጋለች» አለች። «ትንሽ ጨምሪበት።»

ጨመረችበት።